«ይሄ ሽቶ ነው ወይስ ውሃ?» የአንድ ጠርሙስ ኮሎኝ ጉዳይ

ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለ። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ሲመጣ ለአክስቴ አንድ ጠርሙስ 4711 ይዞላት መጣ። የሽቶው ስም ቁጥር ብቻ ነው። ጠርሙሱ ላይ ሰማያዊና ወርቃማ ወረቀት ተለጥፎበታል። የሚነፋ ዓይነት አይደለም፤ ክዳኑ ተከፍቶ መዳፍ ላይ ይፈሳል።

አክስቴ ወዲያው ከፈተችው። መዳፏ ላይ አፈሰሰች፣ አንገቷንና ክንዷን አበሰች። «እሰይ! ልብ ያድሳል» አለች። ቤቱ ሎሚ ሎሚ አለ። ቡናው እየተቆላ ስለነበር ወደዚያው ዞርን። አቦል ተጠጣ። ቶናው ሲቀዳ አክስቴ የእጇን አንጓ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ደግማ አሸተተች።

«የታለ?» አለች።

ክርክሩ የተነሳው ከዚህች ጥያቄ ነው። በዚያ ቀን አምስት ሰው ከአንድ ጠርሙስ ሞክሮ አምስት የተለያየ ነገር አወራ። እንግዳው ስጦታውን ያመጣ ሰው ስለሆነ ዝም ብሎ ይስቃል። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ያደረግነውንና ያገኘሁትን ነው እዚህ የማወራው።

ማን ምን አለ

ታናሽ እህቴ ዱባይ ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። እሷ ሽቶ ስትል ኡድ፣ ያ ከእንጨት የሚወጣው ከባድ የዓረቦች ሽቶ፣ ማለቷ ነው። ዛሬ የተቀባችው ነገ ሻርፗ ላይ ካልተገኘ ገንዘቧን እንደተበላች ትቆጥረዋለች። 4711ን ቀባ አደረገች፣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ከዚያ የአጎቴን ልጅ እያየች «ይሄ ሽቶ ነው ወይስ ውሃ?» አለችው።

የአክስቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቆዳው ላይ እንኳ አላደረገውም። የጠርሙሱን አፍ አሽትቶ «የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ነው የሚሸተው» ብሎ አስቀመጠው። እናቱ በዓይኗ ገላመጠችው፤ ስጦታ ነዋ። ልጁ ግን አልዋሸም። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ አክስቴ አፈሰሰችላቸው። አፋተጉና ጉንጫቸውን መታ መታ አደረጉ። «ይሄማ ፀጉር ቤት ነው!» አሉ። በእሳቸው አነጋገር ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው። ወጣት እያሉ ጺማቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸው በአልኮልና በሽቶ ታብሶ የሚወጡበትን ቅዳሜ ከሰዓት ነው ያስታወሳቸው።

አክስቴ ራሷ ደግሞ መሀል ላይ «የጥብስ ቅጠል አለበት» አለች። ሁላችንም ሳቅን። «እመት፣ ጥብስ አማረሽ እንዴ?» አላት ልጇ። እሷ ግን ከአቋሟ አልተነቃነቀችም።

እኔን የሸተተኝ አበባ ነው። መጀመሪያ ላይ አይደለም፤ ሎሚው ሲያፈገፍግ ነው የመጣው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል አበባ። ብናገርም የሰማኝ የለም፤ ክርክሩ «ይቆያል፣ አይቆይም» ላይ ደርሶ ነበር።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው

መጀመሪያ አክስቴ ልክ እንደነበረች ልንገር። 4711 ውስጥ በእርግጥ የጥብስ ቅጠል ዘይት አለበት። ፈረንጆቹ ሮዝመሪ የሚሉት ማለት ነው። አምራቹ በይፋ ከሚጠቅሳቸው ነገሮች ውስጥ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ በርጋሞት፣ ላቬንደር፣ ሮዝመሪ፣ ኔሮሊና ፔቲግሬን ይገኙበታል። ዕድሜዋን በሙሉ ምጣድ ላይ ቆማ ያሳለፈች ሴት አፍንጫ ቀላል አይደለም። ሁላችንም ሽቶ እያልን ስናሸት እሷ ቅመም ብላ አሸተተች። እንግዲህ የሳቅነው በራሳችን ነው።

ከእነዚህ ውስጥ በርጋሞት ለእኛ ባዕድ ነው። የሎሚ ወገን ፍሬ ነው። ሰው እንደ ብርቱካን ልጦ አይበላውም፤ ዋናው ሀብቱ የልጣጩ ዘይት ነው። የዓለም ምርት አብዛኛው የሚመጣው ከደቡብ ጣሊያን፣ ከካላብሪያ ነው። ኤርል ግሬይ የሚባለውን ሻይ የጠጣ ሰው በርጋሞትን አሽትቶታል።

እኔ «አበባ» ያልኩት ኔሮሊ ነው። ኔሮሊ የመራራ ብርቱካን አበባ በእንፋሎት ሲጣራ የሚገኝ ዘይት ነው። ያው ዛፍ ቅጠሉና ለጋ ቅርንጫፉ ሲጣራ ደግሞ ፔቲግሬን ይሰጣል። ልጣጩ ሲጨመቅ ሌላ ዘይት ይወጣዋል። አንድ ዛፍ፣ ሦስት ሽታ። የሚያስደነግጠው የአበባው ዋጋ ነው፤ አንድ ኪሎ ኔሮሊ ለማግኘት አንድ ቶን ያህል አበባ ይፈልጋል። ስለዚህ ነው አበባው እዚህ ጠርሙስ ውስጥ የማይጮኸው። ከሎሚው ኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ይህ አሠራር የ4711 ብቻ አይደለም። ኮሎኝ የሚባለው የሽቶ ዓይነት የተጀመረው በዚያችው ከተማ፣ በጣሊያናዊው ዮሐን ማሪያ ፋሪና ነው። የፋሪና ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1709 ነው። ሰውዬው ለወንድሙ ጻፈው በሚባል ደብዳቤ ላይ ሽቶውን ከዝናብ በኋላ ካለ የጣሊያን የጸደይ ማለዳ ጋር አመሳስሎታል። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የከበረው ሽቶ ከባድ ነበር፤ ሙስክ፣ አምበር፣ ዝባድ። ቀለል ያለ የሎሚና የአበባ ሽታ ሲመጣ እንደ ተከፈተ መስኮት ሆነላቸው።

ዝባድን እዚህ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥርኝ የሚወጣው ያ ቅባት ከእኛው አገር በቀንድ ተሞልቶ ለዘመናት ሲላክ የኖረ ዕቃ ነው፤ ለፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ዋናዋ አቅራቢ ኢትዮጵያ ነበረች። ስለዚህ እህቴ ከባድና የሚቆይ ሽቶ ፈለገች ብዬ አልፈርድባትም። እኛ ራሳችን በዚያኛው ወገን ነን። ዕጣንና ከርቤ የሚጨስበት ቤት ያደገ አፍንጫ ሽታ ግድግዳ ላይ እንዲቀር ይጠብቃል።

4711 ራሱ የመጣው ከፋሪና ቤት በኋላ ነው። ኩባንያው የሚተርከው ታሪክ እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1792 መሥራቹ ዊልሄልም ሙለንስ ሲያገባ አንድ መነኩሴ «ተአምረኛ ውሃ» የሚባል ነገር አሠራር በስጦታ ሰጠው። በዚያን ጊዜ ይህ ውሃ ይጠጣም ነበር። ለሆድ፣ ለራስ ምታት፣ ለልብ ድካም ይባል ነበር። መድኃኒትነቱ የቀረው ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1810 የመድኃኒት ምሥጢር ሁሉ ይገለጥ ብሎ ሲያዝ ነው። ምሥጢሩን ከመስጠት «ይህ ሽቶ ነው» ማለት ይሻላል። ቁጥሩ ደግሞ የቤት ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ቤቶች ቁጥር ተሰጣቸው፤ ግሎክንጋሰ የሚባለው መንገድ ላይ ላለው የሙለንስ ቤት 4711 ደረሰው። ቤተሰቡ ለብዙ ዓመት የፋሪናን ስም ገዝቶ ሲጠቀምበት ቆይቶ ነበር። በክርክር ብዛት እ.ኤ.አ. በ1881 ስሙን ሲተው ቁጥሩን ይዞ ቀረ።

ቶና ላይ ለምን ጠፋ?

መልሱ ግማሹ ክብደት ነው። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከመቶ ዘጠና በላዩ ሊሞኒን የሚባል ነገር ነው። የሎሚውም ዘይት ትልቁ ክፍል እሱ ነው። የሊሞኒን ሞለኪውል ክብደት 136 ነው። የዝባዱ ዋና ሽታ፣ ሲቬቶን የሚባለው፣ 250 ነው። ቀላሉ ከሞቀ ቆዳ ላይ ቶሎ ተነስቶ ይሄዳል። ከባዱ ተጣብቆ ይቀራል። የሎሚ ሽታ አፍንጫን ቶሎ የሚመታውም፣ ቶሎ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሎሚን ሎሚ አድርገህ ቀኑን ሙሉ ማቆየት ሽቶ ሠሪን ሁሉ የሚያስቸግር ነገር ነው።

ሌላው ግማሽ መጠን ነው። ኮሎኝ የሚባለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው የሽቶ ዘይት ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ብቻ ነው። ቀሪው አልኮልና ውሃ ነው። እህቴ የለመደችው ኦ ደ ፓርፉም የሚባለው ጠንከር ያለ ዓይነት ደግሞ ከመቶ ከ15 እስከ 20 እጅ ይይዛል። ንጹሕ የኡድ ዘይትማ አልኮል የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ «ይሄ ሽቶ ነው ወይስ ውሃ?» ስትል እያላገጠች ቢሆንም በትክክል ጠይቃለች። በጀርመንኛ ስሙም «የኮሎኝ ውሃ» ነው! ጠርሙሱ ላይ ተጽፎላታል። የአጎቴ ልጅ ይህን ሲተረጉምላት ሳቋ አላባራም።

በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ውሃም እዚህ ከመቶ ዲግሪ በታች ይፈላል። በበጋ ደግሞ አየሩ ይደርቃል፣ ቆዳችንም አብሮት። ደረቅ ቆዳ ሽቶ አይዝም። የሚተን ነገር ሁሉ እዚህ ከቆላው ከተማ ይልቅ ቢቸኩል አይግረማችሁ።

ሁለተኛው ሙከራ

የመጀመሪያው ቀን ክርክር አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ሁላችንም ያወራነው ስለ አንድ ሽቶ ነው፤ ስለ አንድ ሰዓት ግን አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ያሸተተው የመጀመሪያዋን ሰከንድ ነው፣ ያውም ከጠርሙስ። እህቴ የፈረደችው አሥር ደቂቃ ላይ ነው። አክስቴ የፈለገችው ቶና ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቡናው ተቆልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ ነበር። በዚያ ጭስ ውስጥ እንኳን ኔሮሊ የእህቴ ኡድም በጥረት ነው የሚገኝ።

ስለዚህ በሌላ ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ሞከርን። ቡና የለም፣ ዕጣን የለም፣ መስኮት ተዘግቷል። እያንዳንዱ ሰው አንድ እጁ ላይ እንዲሁ፣ ሌላኛው እጁ ላይ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ቀብቶ ጠብ አደረገ። አክስቴ በተጨማሪ መሐረቧ ላይ አፈሰሰች። ይህን ያዘዛት የለም፣ ከራሷ ነው ያመጣችው። ጋሼ ሰዓት ያዙ። ሾፌር ስለነበሩ ሰዓት ላይ ጥብቅ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ክርክር አልነበረም። ሁሉም ሎሚ አለ። የአክስቴ ልጅም «የዕቃ ማጠቢያ» ያለው ይቺኑ ደቂቃ ነው። ሳሙና ፋብሪካዎች ሎሚን የመረጡት እሱ ከመወለዱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ለእሱ መጀመሪያ የመጣው ሳህን ነው፣ ፍሬው በኋላ ነው። ጋሼን ያው ሽታ ወደ መላጫ ቤት ወሰዳቸው። አፍንጫ ያየውን ቦታ ነው የሚናገረው።

ሩብ ሰዓት ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። እህቴ የእጇን አንጓ ዝም ብላ ረጅም ጊዜ አሸተተች። «ቆይ፣ ይሄ አበባ ነው» አለች። እሷ ናት ያለችው፣ እኔ አልተናገርኩም! በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ላይ ፈርዳ ስለሄደች አበባው ሳይመጣ ነበር ያመለጣት። የአክስቴም የጥብስ ቅጠል እዚሁ ሰዓት ላይ ጎልቶ ወጣ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

አንድ ሰዓት ላይ ደረቁ እጅ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ቫዝሊኑ ያለበት እጅ ላይ ለስለስ ያለ ሽታ ነበር። ቅባት ዘይቱን ስለሚይዝ መትነኑን ያዘገየዋል። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጋሼ «ከኔ ጠፍቷል» ሲሉ እህቴ የእሳቸውን እጅ አሽትታ «ኧረ አለ!» አለች። የራሷ ግን ጠፍቶባታል። እየተዟዟርን ስናሸት እንዲሁ ሆነ። አፍንጫ የራሱን ጌታ ሽታ ቶሎ ይለምድና መናገሩን ይተዋል። ብዙ ጊዜ «ሽቶዬ አይቆይም» የሚል ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ቢጠይቅ ሌላ መልስ ያገኛል።

መሐረቡ ሁሉንም አሸነፈ። ማታ አክስቴ ከቦርሳዋ ስታወጣው ገና ይሸት ነበር። ጨርቅ እንደ ቆዳ አይሞቅም፣ ስለዚህ አያቸኩለውም። ድሮም አውሮፓ ውስጥ ኮሎኝ መሐረብ ላይ ይደረግ ነበር። አክስቴ ይህን ከየት እንዳመጣችው ብጠይቃት «መሐረብ ለምንድነው ታዲያ?» ብቻ ነው ያለችኝ። ነጭ ነጠላ ላይ ግን ዘይቱ ምልክት እንዳይተው መጀመሪያ ጫፉን መሞከር ነው።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር

ይህን አለማንሳት ልክ አይሆንም። በርጋሞት ልጣጭ ውስጥ በርጋፕቴን የሚባል ነገር አለ። ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ምልክትም ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1916 አንድ ሐኪም ኮሎኝ ተቀብተው ፀሐይ በነካቸው ሰዎች ላይ ይህንኑ አይቶ መዝግቧል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ አንገት ላይ፣ ሽቶው በወረደበት መስመር፣ እንደ ጠብታ ሆኖ ይወጣል። ዛሬ የዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ ላይ በሚቀር ሽቶ ውስጥ የሚገባውን ተራ የበርጋሞት ዘይት ከመቶ 0.4 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ብዙ አምራችም በርጋፕቴኑ የወጣለትን ዘይት ነው የሚጠቀመው።

ችግሩ ቤት ውስጥ የሚደባለቀው ነው። ሎሚ ጨምቆ ከአልኮል ጋር ቀላቅሎ አንገት ላይ መቀባት፣ ከዚያ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ መውጣት። ይህን አታድርጉ። የተገዛውንም ቢሆን እኔ ፀሐይ ላይ የምውል ቀን ልብስ ላይ ነው የማደርገው።

ታዲያ ምን ተወሰነ?

እኔ በበኩሌ ሽቶው ደካማ ነው የሚለውን አልቀበልም። ከሽቶ የሚጠበቀውን ስንጠብቅበት ነው የተጣላነው። ጋሼ ብቻ ናቸው ከመጀመሪያው በትክክል የተጠቀሙበት፤ በሁለት እጅ ተቀብለው፣ ፊታቸውን ታጥበውበት፣ ረክተው ተቀመጡ። ቱርኮች ኮሎንያ የሚሉትን ለእንግዳ እንዲሁ ነው በእጁ የሚያፈሱለት። ማንም እንግዳ ማታ ላይ «የታለ?» ብሎ አይጠይቅም። ሲጠፋ ይደገማል። የ4711 ዋጋም ከኡድ ጋር አይወዳደርም፤ እንዲደገም ሆኖ ነው የተሠራው።

እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ አንገቷን ነቀነቀች። «እሺ፣ ግን ሠርግ አልሄድበትም» አለች። እውነቷን ነው። እኔም አልሄድበትም። ሠርግ ቤት ውስጥ ከሰው፣ ከወጥና ከሌላው ሰው ሽቶ ጋር ተጋፍቶ ሩብ ሰዓት አይቆምም።

አሁን ጠርሙሱ አክስቴ ፍሪጅ በር ላይ፣ ከወተቱ አጠገብ ቆሟል። ሙቀትና ብርሃን የሎሚ ዘይትን ቶሎ ያበላሻል ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ ግን የወደደችው ቅዝቃዜውን ነው። ከገበያ ስትመለስ መሐረቧን ረጠብ አድርጋ ግንባሯ ላይ ትጭናለች። ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ከጀርመን ደውሎ «ሽቶው እንዴት ሆነልሽ?» ቢላት «የቱ ሽቶ? ውሃው ነው? ሩብ ቀርቷል፣ ትልቁን ላክ» አለችው። እህቴ ከጎኗ ተቀምጣ ነበር። «ለኔ ግን ኡድ!» ብላ ስልኩ ውስጥ ጮኸች።